ጭንቅላቷን የተመታች ተጫዋች፦ ለሴቶች ቡድን አሠልጣኞች፣ ወጌሻዎችና ቤተሰቦች የተዘጋጀ መመሪያ

ይህ መመሪያ የተጻፈው በባሕር ዳርና በጣና ዳርቻ የሴቶችን ቡድን ለሚያሠለጥኑ፣ ሜዳ ዳር ቦርሳ ይዘው ለሚቀመጡ ወጌሻዎች፣ ለስፖርት መምህራንና ኳስ የምትጫወት ልጅ ላለቻቸው ቤተሰቦች ነው። አብዛኛው የሠፈርና የትምህርት ቤት ቡድን ሐኪም የለውም፤ ስለዚህ ጭንቅላቷን የተመታች ተጫዋች ትውጣ ወይስ ትቀጥል የሚለውን የሚወስነው ውጤቱ ያሳሰበው አሠልጣኝ ወይም መውጣት የማትፈልገው ተጫዋች ራሷ ትሆናለች። ሁለቱም ለዚህ ውሳኔ የሚመረጡ ሰዎች አይደሉም። ማንም ሳይጎዳ፣ ገና ከጨዋታው በፊት፣ ሥልጣኑን ለወጌሻው ወይም ለቡድን መሪዋ መስጠትና አሠልጣኙም ተጫዋቾቹም ባሉበት «ወጌሻው ወይም ቡድን መሪዋ ትውጣ ካሉ የተጎዳችው ትወጣለች» ብሎ መስማማት ከዚህ በታች ከሚነገረው ሁሉ ይቀድማል።

የአንጎል መናወጥ የሚባለው በጭንቅላት፣ በፊት፣ በአንገት ወይም በሌላ የሰውነት ክፍል ላይ ያረፈ ኃይል ወደ ጭንቅላት ተሻግሮ አንጎልን በራስ ቅል ውስጥ ሲያናጋው የሚፈጠር ጉዳት ነው። ደም ላይፈስ፣ እብጠት ላይታይ ይችላል። በሲቲ ስካን ሲነሣም አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይታይበትም፤ ምክንያቱም የተቃወሰው የአንጎል አሠራር እንጂ በምስል የሚለይ አካል አይደለም። ራሷን ካልሳተች አልተጎዳችም የሚለው በየሜዳው የሚሰማ አባባል ስሕተት ነው፤ የአንጎል መናወጥ ከደረሰባቸው ስፖርተኞች መካከል ራሳቸውን የሚስቱት ከ10 በመቶ ያነሱ ናቸው። ምልክቱ ወዲያው ሊታይ፣ ከሰዓታት በኋላ ሊጀምር፣ አልፎ አልፎም በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ሊመጣ ይችላል።

የሴቶቹ ጉዳይ ራሱን የቻለ ትኩረት የሚሻው ያለ ምክንያት አይደለም። በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተጫዋቾች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት በእግር ኳስ ሴቶቹ የአንጎል መናወጥ የሚደርስባቸው ከወንዶቹ 1.88 እጥፍ እንደሆነ፣ በተጎዱበት ዕለት ከጨዋታ የመውጣት ዕድላቸው ግን ከወንዶቹ ያነሰ እንደሆነ አሳይቷል። ወንዶቹን በብዛት የሚጎዳቸው ከሌላ ተጫዋች ጋር መጋጨት ሲሆን፣ በሴቶቹ ዘንድ ግን ኳስ ወይም የግብ ቋሚ መትቷቸው የሚጎዱት ጎልተው ይታያሉ። ይህ ለአሠልጣኝ ትልቅ ትምህርት አለው። ሁለት ሰው ተጋጭቶ ሲወድቅ ሜዳው ሁሉ ይጮኻል፤ በቅርብ ርቀት የተመታ ኳስ ጆሮ ግንዷ ላይ ያረፈባትን ተከላካይ ግን ጨዋታው ስለማይቆም ማንም አያያትም። ለልዩነቱ ከሚሰጡት ምክንያቶች ውስጥ የአንገት ጡንቻ ጥንካሬ፣ የነርቭ ክሮች ቅጥነትና የሆርሞን ጠባይ ይገኙበታል። ሴቶች የሚሰማቸውን በግልጽ መናገራቸውም ቁጥሩን ከፍ እንደሚያደርገው የሚገልጹ አሉ፤ እኛ ዘንድ ግን ችግሩ የተገላቢጦሽ ይመስለኛል። ብዙዋ ልጅ ኳስ የምትጫወተው በቤተሰብ ግማሽ ፈቃድ ወይም በድብቅ ስለሆነ፣ ተጎዳሁ ማለት መጫወት አቆምኩ ማለት ይሆንባትና ዝም ትላለች። በዚህ መመሪያ ስለ ቤትና ስለ ቤተሰብ ረዘም ተደርጎ የተጻፈው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሜዳ ላይ

ተጫዋቿ ከተመታች በኋላ ተነሥታ፣ ማልያዋን አራግፋ፣ የተፈታ ፀጉሯን እንደገና አሥራ «ምንም አልሆንኩም» ስትል ሁሉም ይረጋጋል። ወጌሻ ዓይኑን መጣል ያለበት ግን ከዚያ በኋላ ባሉት ደቂቃዎች ነው። ለመነሣት ዘገየች? ስትነሣ ተንገዳገደች? ወደ ራሷ ቦታ ነው የሄደችው ወይስ ቀኝ ተከላካይ ሆና ሳለ ወደ ግራ መስመር? የቡድን ጓደኛዋ ስትጠራት ወዲያው ዞረች? እጇን ዓይኗ ላይ አድርጋ ከፀሐይ ትሸሻለች? ከእነዚህ አንዱ ብቻ ከታየ ጨዋታው እንዲቆም ለዳኛው ምልክት መስጠት ይገባል። ራሷን ለአፍታም ቢሆን ከሳተች፣ ከተንቀጠቀጠች፣ ወይም እጇን እንኳ ለመከላከያ ሳትዘረጋ በፊቷ ከወደቀች ጥያቄ መጠየቅም አያስፈልግም፤ ለዚያ ቀን ጨዋታዋ አብቅቷል።

ወደ ተጎዳችው ሲደረስ መጀመሪያ የሚታሰበው ስለ አንገቷ ነው። አንገቷን የሚያማት፣ እጅና እግሯን የሚደነዝዛት ወይም የሚሰንፋት፣ ወይም ራሷን የሳተች ከሆነ ከወደቀችበት አትነሣም፤ አንድ ሰው ከራስጌዋ ተንበርክኮ ጭንቅላቷን በሁለት እጁ ባለበት ይይዛል፣ ሌላው ትንፋሿን ይከታተላል፣ ሦስተኛው አምቡላንስ ይጠራል። ብብቷን ይዞ ማንሣት፣ ጉንጯን መምታት፣ አልኮል ማሽተት፣ ጭንቅላቷ ላይ የሃይላንድ ውሃ መገልበጥ ለብዙ ዘመን የለመድናቸው ነገሮች ናቸው፤ አንዳቸውም ለአንጎል አይበጁም፤ ማንሣቱ ደግሞ አንገቷ ተጎድቶ ከሆነ ዕድሜ ልክ የሚቆይ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። አንገትን ማሸትና መጠምዘዝም እንደዚሁ ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

ደኅና መስላ ከተቀመጠች የማስታወስ ችሎታዋን መፈተን ይቻላል። የሕክምና ባለሙያዎች ለስፖርተኛ የሚያቀርቧቸው አምስት ጥያቄዎች በእኛ አነጋገር የሚከተለውን ይመስላሉ፦ «አሁን ያለነው የት ሜዳ ነው? የመጀመሪያው አጋማሽ ነው ሁለተኛው? የመጨረሻውን ጎል ማን አገባ? ባለፈው የተጫወትነው ከማን ጋር ነበር? ያንን ጨዋታ አሸነፍን?» አንዱን እንኳ ከሳተች ትወጣለች። ሁሉንም በትክክል መመለሷ ግን ነፃ አያደርጋትም፤ ራሷን ካመማት፣ ከዞረባት፣ ካቅለሸለሻት፣ ብዥ ካለባት፣ ጭጋግ ውስጥ ያለች ያህል ከተሰማት ወይም ያለ ልማዷ ካለቀሰች ወይም ከተቆጣች አሁንም ትወጣለች። ጥያቄውን ሲጠይቁ ከጎኗ ቁጭ ብሎ፣ ድምፅን ዝቅ አድርጎ፣ ጓደኞቿ መልሱን በሹክሹክታ እንዳያቀብሏት አርቆ መሆን አለበት፤ ያቀብሏታልና።

ሹሩባ የተሠራች ልጅ ጭንቅላት ላይ ያለ እብጠት ወይም ቁስል በዓይን አይታይም፤ አስፈቅዶ በጣት ጫፍ በጉንጉኑ መካከል ቀስ ብሎ መዳሰስ ያስፈልጋል። ሂጃብ የምታደርግ ተጫዋች ስትጎዳ ደግሞ ይህን የምታደርገው ሴት ብትሆንና ሌሎቹ ተጫዋቾች ዙሪያዋን ቆመው ቢከልሏት ምርመራው በጥድፊያ አያልቅም። ወጌሻው ወንድ የሆነበት ቡድን ቢያንስ አንዲት ሴት ረዳት ማሠልጠን ያለበት ለዚህ ነው።

በሕጉም በኩል የተጎዳችን ተጫዋች ሜዳ ላይ የሚያቆይ ምክንያት የለም። የእግር ኳስን ሕግ የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ቦርድ ከእ.ኤ.አ. 2024 ሐምሌ ጀምሮ ውድድሮች ከፈለጉ ለአንጎል መናወጥ የሚውል ተጨማሪ ቋሚ ቅያሪ እንዲፈቅዱ በሕጉ ውስጥ አካቷል፤ ይህ ቅያሪ ከመደበኛው ቁጥር አይቀነስም፣ የወጣችውም ተመልሳ አትገባም። የምትወዳደሩበት ሊግ ወይም የትምህርት ቤቶች ውድድር ይህን ተቀብሎ እንደሆነ በውድድሩ ደንብ ስብሰባ ላይ መጠየቅ የቡድን መሪዋ ሥራ ነው። ካልተቀበለም ቅያሪው ቢያልቅ በ10 ሰው መጨረስ ነው። በከፍተኛው መድረክም ይህ ሁልጊዜ አልተደረገም፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የሴቶች የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ የጀርመኗ አሌክሳንድራ ፖፕና የአሜሪካዋ ሞርጋን ብራያን ሞንትሪያል ላይ ጭንቅላት ለጭንቅላት ተጋጭተው፣ ደም የፈሰሰውም ታሽጎ፣ ሁለቱም ወደ ጨዋታው ተመልሰዋል፤ ውሳኔውም ብዙ ተወቅሷል። እ.ኤ.አ. በ1999 ከአሜሪካ ጋር የዓለም ዋንጫ ያነሣችው በረኛ ብሪያና ስከሪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 በክለብ ጨዋታ ዝቅ ብላ ኳስ ስትይዝ የአጥቂ ጉልበት ጭንቅላቷን መታት፤ ያ ጨዋታ የመጨረሻዋ ሆነ፣ ራስ ምታቱና ድብርቱም ለዓመታት አልተዋትም።

መቼ ነው በቀጥታ ወደ ሆስፒታል?

እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ ተደጋጋሚ ትውከት፣ የሚጥል ዓይነት መንቀጥቀጥ፣ የእጅ ወይም የእግር መስነፍ፣ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ መታየት፣ የዓይን ብሌኖች መበላለጥ፣ ከጆሮ ወይም ከአፍንጫ ንጹሕ ውሃ መሰል ፈሳሽ ወይም ደም መውረድ፣ ንግግር መተሳሰር፣ ለመቀስቀስ የሚያስቸግር እንቅልፍ፣ እየጨመረ የሚሄድ መቅበጥበጥ፦ ከእነዚህ አንዱ ከታየ ጉዳዩ ከአንጎል መናወጥ ሊያልፍና በራስ ቅል ውስጥ ደም እየፈሰሰ ሊሆን ስለሚችል ሰዓት አይባክንም። በባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ጊዮን ሆስፒታሎች አሉ፤ ከምትለማመዱበት ሜዳ የትኛው እንደሚቀርብና በየትኛው መንገድ እንደሚደረስ አስቀድሞ ማወቅ፣ የአምቡላንሱን ስልክም በሁለት ሰው ስልክ ላይ መመዝገብ ያስፈልጋል። አንገቷን ያመማትን ልጅ በባጃጅ ማጓጓዝ፣ በተለይ በኮብልስቶን መንገድ፣ ጉዳቱን ያባብሳል። ወደ ዘጌ ወይም ወደ ደቅ ለወዳጅነት ጨዋታ የሚሻገር ቡድን ደግሞ ጀልባው ተጫዋቾቹን አራግፎ እንዳይመለስ፣ ጨዋታው እስኪያልቅ እዚያው እንዲጠብቅ ከባለ ጀልባው ጋር ቀድሞ መነጋገር አለበት።

የአደጋ ምልክት ያልታየባትም ብትሆን በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ የጤና ባለሙያ ሊያያት ይገባል። እዚህ ላይ የኛ አካባቢ አንድ የራሱ ወጥመድ አለው። ባሕር ዳር ወባ የማይጠፋበት ከተማ በመሆኑ፣ ከጨዋታው በሁለተኛው ቀን ራሷን ያመማትና ያስመለሳት ልጅ «ወባ ነው» ተብላ፣ ደም ሳትሰጥ መድኃኒት ተገዝቶላት ልትተኛ ትችላለች። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ካለ ወባ ሊሆን ይችላል፤ ምርመራውም ቀላል ስለሆነ ይደረግ። ነገር ግን ለባለሙያው የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «ከትናንት በስቲያ ኳስ ስትጫወት ጭንቅላቷን ተመትታለች» የሚል መሆን አለበት፤ ይህ ካልተነገረው ማንም ሊጠረጥር አይችልም። ከጉዳቱ በኋላ የወር አበባዋ ከተዛባም ሳታፍር ለባለሙያዋ ብትናገር ይጠቅማታል፤ ከአንጎል መናወጥ በኋላ በወጣት ሴቶች ላይ የታየ ነገር ነው።

የመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት፣ በቤት

በተመታችበት ምሽት ብቻዋን አትደር። አስተዋይ ሰው አብሯት ይሁን፣ ከላይ የተዘረዘሩትን የአደጋ ምልክቶችም ይወቅ። በየሰዓቱ መቀስቀስ የሚለው የድሮ ምክር ባለሙያ ካላዘዘ አያስፈልግም፤ መተኛት መልካም ነው፤ የሚያሳስበው ስትጠራ አለመንቃቷ ነው። ለራስ ምታቱ ፓራሲታሞል ይበቃል። አድቪል፣ ዳይክሎፌናክና አስፕሪን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሐኪም ሳያያት አይሰጧትም፤ የደም መፍሰስ ካለ ሊያባብሱት ይችላሉ። ጠላም ሆነ አረቄ አይቀርብላትም። ስልክና ቴሌቪዥን በእነዚህ ሁለት ቀናት ይቀነሱ።

ዕረፍት ሲባል ግን ጨለማ ክፍል ውስጥ ተኝቶ መክረም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 አምስተርዳም ላይ የተሰበሰቡት የስፖርት ሕክምና ባለሙያዎች ያወጡት የጋራ ስምምነት ከ24 እስከ 48 ሰዓት ረገብ ያለ ዕረፍት፣ ከዚያም ሕመሙን በማያባብስ መጠን ቀስ እያሉ መራመድና የዕለት ተዕለት ኑሮን መቀጠል ይመክራል። ወንድ ተጫዋች ይህ ሲነገረው ሄዶ ይተኛል። ለሴቷ ግን «የዕለት ተዕለት ኑሮ» ሌላ ትርጉም አለው፤ ከሜዳ ዕረፍት የተሰጣት ልጅ ቤት ስትገባ የሚጠብቃት ጀሪካን፣ ልብስ አጠባና እንጀራ ነው። ሙቀትና ጭስ ውስጥ ሆና ምጣድ ላይ አጎንብሳ፣ አክንባሎ እያነሣች እየደፋች፣ በየደቂቃው ጭንቅላቷን ወደ ታች ዘንበል ማድረጓ የተናወጠ አንጎልን ከሚያስጨንቁት ሁኔታዎች አንዱ ነው፤ 20 ሊትር ጀሪካን ማንሣትም ከባድ ልምምድ ከመሥራት አይለይም። ስለዚህ ወደ ቤት የሚላከው መልእክት «ትረፍ» በሚል አንድ ቃል መቅረት የለበትም፤ ለአንድ ሳምንት ያህል እንጀራ እንዳትጋግር፣ ከባድ እንዳትሸከም፣ ጭስ ካለበት እንድትርቅ፣ ቀላል ቀላሉን ግን ቁጭ ብላ ልትሠራ እንደምትችል በዝርዝር መናገር አለበት።

መልእክቱን የሚያደርሰው ሰው ማን ይሁን የሚለውም ቀላል አይደለም። ልጅቷ ራሷ እንድትናገር መተው ማለት እንዳይነገር መፍቀድ ነው። ከተቻለ የቡድን መሪዋ ወይም በዕድሜ ገፋ ያለች ሴት ቤት ድረስ ሄዳ እንዲህ ብትል ይቀላል፦ «እትዬ፣ እንደምን አመሹ። ልጅዎ ዛሬ ልምምድ ላይ ኳስ ጭንቅላቷን መታት። አሁን ደኅና ናት፤ ግን አንጎል ሲናወጥ ሕመሙ ቆይቶ ሊመጣ ስለሚችል ዛሬ ማታ አብሯት የሚያድር ሰው ያስፈልጋል። ካስመለሳት ወይም ስትቀሰቅሷት እንቢ ካለች በዚህ ስልክ ይደውሉልኝ፣ እኔ መጥቼ አብረን ሆስፒታል እንወስዳታለን።» እናት «ድሮም ይቅርብሽ ብያት ነበር» ማለቷ አይቀርም። በዚያች ምሽት ስለ ሴቶች ኳስ ክርክር መግጠም አያስፈልግም፤ የመጣነው ስለ ሌሊቱ ለመነጋገር ነው። ጠበል ልውሰዳት የሚሉ ወላጆችም ይኖራሉ፤ ከእምነታቸው ጋር መጣላት ሳይሆን መጀመሪያ ሐኪም እንዲያያት፣ ጠበሉም ረጅም መንገድ በእግር የሚያስኬድና የሚያስጾም ከሆነ ጥቂት ቀን እንዲቆይ መለመን ይበልጥ ይሠራል።

ቤተሰብ በአቅራቢያቸው የሌላቸውም ብዙ ናቸው። ከገጠር መጥተው ክፍል ተከራይተው፣ በየሳምንቱ ስንቅ እየተላከላቸው የሚማሩ ተጫዋቾች ሲጎዱ አጠገባቸው የምታድረው የክፍል ጓደኛቸው ናት፤ እሷ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የ16 ወይም የ17 ዓመት ልጅ ናት። ለእንዲህ ዓይነቷ ተጫዋች የመጀመሪያውን ሌሊት አሠልጣኟ ወይም የቡድን መሪዋ ቤት ማሳደር ይሻላል። ስለዚህ በውድድር ዓመቱ መጀመሪያ እያንዳንዷ ተጫዋች ብትጎዳ የሚነገረውን አንድ ትልቅ ሰው፣ አክስትም ትሁን ታላቅ እኅት ወይም አከራይ፣ መርጣ ስልኩን ለቡድን መሪዋ ትስጥ። ኳስ መጫወቷን ቤተሰቧ የማያውቅ ልጅ ካለች ይህ መዝገብ ሲሞላ ይታወቃል፤ ያን ጊዜ መነጋገር ከአደጋ በኋላ ከመነጋገር ይሻላል።

ወደ ትምህርትና ወደ ሜዳ መመለስ

ትምህርት ከኳስ ይቀድማል። ሰሌዳ አንብባ፣ አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ አዳምጣ ራሷን የሚያማት ልጅ ለልምምድ አልደረሰችም። ፈተና የደረሰባት ከሆነ የስፖርት መምህሩ ለክፍል ኃላፊው ነግሮ ጊዜ ቢያስጨምርላት ተገቢ ነው።

ወደ ሜዳ የሚመለሱት በስድስት ደረጃ ሲሆን፣ በእያንዳንዱ መካከል ቢያንስ 24 ሰዓት መኖር አለበት። መጀመሪያ ሕመሙን የማያባብስ የዕለት እንቅስቃሴ፤ ቀጥሎ ፈጠን ያለ እርምጃና ዝግ ያለ ሩጫ፣ ለዚህም ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ የጣና ዳርቻ የእግረኛ መንገድ ምቹ ነው፤ ሦስተኛው ለብቻዋ በኳስ መሮጥና አቅጣጫ መቀያየር፤ አራተኛው ከቡድኑ ጋር ግጭት የሌለበት ቅብብል፤ አምስተኛው ሙሉ ልምምድ፤ ስድስተኛው ጨዋታ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ደረጃዎች መጠነኛና በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚጠፋ ሕመም ቢኖር መቀጠል ይቻላል፤ ከዚያ ከባሰ ለዚያ ቀን አቁሞ በማግስቱ መሞከር ነው። ወደ አራተኛው ለመሻገር ግን ምንም ምልክት የሌለባት መሆን አለባት፤ ከአምስተኛው በፊትም የሐኪም ፈቃድ ይጠየቃል። በቴስታ መምታት የሚመለሰው በመጨረሻ ነው። አብዛኞቹ ተጫዋቾች ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ ይድናሉ፤ ከአራት ሳምንት ያለፈባት ልጅ ተመልሳ ሐኪም ዘንድ ትሂድ። አንጎሏ ሳያገግም ሁለተኛ ጊዜ ከተመታች ሕመሙ እጅግ ይረዝማል፤ በወጣቶች ላይ አልፎ አልፎ ለሞት የሚያደርስ የአንጎል እብጠትም ያስከትላል። በሳምንቱ መጨረሻ ከዋና ተፎካካሪ ጋር ጨዋታ አለ ተብሎ አንድ ደረጃ የመዝለል ፈተና የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

ጉዳቱን ስለ መቀነስ

የጭንቅላት መከላከያ ቀበቶ ገዝተን ችግሩን እንፈታለን የሚሉ አሉ፤ በእግር ኳስ የአንጎል መናወጥን እንደሚያስቀር አልተረጋገጠም። ያ ገንዘብ ለኳስ መግዣና ለኳሱ አየር መለኪያ ቢውል ይሻላል። መደበኛው 5 ቁጥር ኳስ ከ410 እስከ 450 ግራም ይመዝናል፤ ታዳጊዎች በ4 ቁጥር ይጫወቱ። ከመጠን በላይ የተነፋ ወይም በክረምት ጭቃ ውሃ የመጠጠ አሮጌ ኳስ ለቴስታ ልምምድ አይሆንም፤ በተቻለ መጠን ሲጀመር በቀላል ኳስ፣ በእጅ እየተወረወረ፣ በጥቂት ድግግሞሽ ይሁን። አሜሪካ ከ10 ዓመትና ከዚያ በታች ላሉ ልጆች ቴስታን ሙሉ በሙሉ አስቀርታለች፤ የእኛም የታዳጊ ቡድኖች ይህን ለመከተል የሚከለክላቸው ነገር የለም።

የአንገት ማጠንከሪያ ዕቃ አይፈልግም፦ ተጫዋቿ መዳፏን ግንባሯ ላይ አድርጋ ጭንቅላቷ ሳይንቀሳቀስ ለጥቂት ሰከንድ ትገፋዋለች፣ ከዚያ ከኋላና ከሁለቱም ጎን ትደግመዋለች፤ ከማሟሟቂያ ጋር በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ቢሠራ ይበቃል። ለማዕዘን ምት ሲዘሉ «የኔ!» ብሎ መጮኽን ከመጀመሪያው ልምምድ አስለምዷቸው፤ ብዙዎቹ ልጆች ድምፅ ማውጣት ስለሚያፍሩ ሁለት ተከላካዮች በዝምታ ለአንድ ኳስ ይዘላሉ። ከጥር በኋላ ሜዳው ሲደርቅ በረኛዋ በግብ ክልል ውስጥ የምትወድቅበት አፈር እንዲቆፈርና እንዲለሰልስ ያስፈልጋል። ተንቀሳቃሽ የግብ ብረቶች በአሸዋ ከረጢት ወይም በካስማ ካልተያዙ ልምምድ አይጀመርም፤ ይህንንም ሜዳ ላይ ቀድሞ የደረሰው ሰው በእጁ ነቅንቆ ያረጋግጥ።